በሰሜን ሸዋ የከርሰ ምድር ውኃን በነፃ ሶፍትዌር ሞዴል የማድረግ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ የሚሠራ የውኃ ባለሙያ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመክፈቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የሚጠናው ቦታ ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ከጣርማበር ገደል በላይ ነው ወይስ በታች? ደብረ ብርሃንና ጫጫ ያሉበት ደጋ በእሳተ ገሞራ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ውኃውም የሚገኘው በአለቱ ስንጥቆችና በአንዱና በሌላው የላቫ ንጣፍ መካከል ባለው የተሰባበረ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በረሳን የመሳሰሉት ወንዞች በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ። ከገደሉ ግርጌ ያለው የሸዋ ሮቢት ሜዳ ግን ከተራራው ተጠርጎ በወረደ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል የተሞላ ዝቅተኛ ስፍራ ነው፤ ውኃውም ወደ አዋሽ ያመራል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ግምት የሚያስተናግድ ሞዴል፣ በየትኛውም ውድ ሶፍትዌር ቢሠራ፣ ለሁለቱም ትክክለኛ መልስ አይሰጥም።

ስለ ሶፍትዌሩ ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ሞድፍሎው፣ ማለትም መሬቱን በትናንሽ ሕዋሳት ከፍሎ የከርሰ ምድር ውኃን ፍሰት የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ዛሬም የዘርፉ ዋና መሣሪያ ነው፤ ሞድፍሎው 6 የተባለው ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ በነፃ ይሰጣል። ሞዴሉን በሥዕል ለመገንባት የሚያስችለው ሞዴልሚዩዝም ከዚያው ተቋም በነፃ ይገኛል። ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ፣ ለፓምፕ ሙከራ (ጉድጓዱ እየተሳበ የውኃው መውረድ ለሚለካበት ሙከራ) ትንተና ኤክሴል ወይም ነፃው ሊብሬኦፊስ ካልክ፣ ለካሊብሬሽን (የሞዴሉን ቁጥሮች ከተለካው ጋር ለማስማማት) ደግሞ ፔስት ይበቃሉ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የሚችል ሰው ሞድፍሎውን በዚያ ቋንቋ ለማዘዝ የሚረዳውን ፍሎፓይን ቢጨምር ሥራው ይፈጥንለታል። ጂኤምኤስ፣ ቪዥዋል ሞድፍሎውና ፌፍሎው ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሆኖም ፈቃዳቸው በክፍያ ስለሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመከሩ አይደሉም፤ ፈቃዱ ሲያበቃ ሞዴሉ የሚከፍተው አጥቶ ይቀራልና።

የመጀመሪያው ሥራ የጉድጓዶችን መረጃ በአንድ ሰንጠረዥ ማሰባሰብ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቦታው፣ የመሬቱ ከፍታ፣ ጥልቀቱ፣ የአለቱ ዓይነት በየጥልቀቱ፣ ማጣሪያ ቱቦው የተቀመጠበት ጥልቀት፣ ፓምፕ ሳይነሣ የተለካው የውኃ ከፍታና የተለካበት ቀን ይመዘገባል። ቀኑ መዘለል የለበትም፤ በመስከረም የተለካና በግንቦት የተለካ የውኃ ከፍታ በአንድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በእውነት የሌለ ፍሰት ይፈጥራሉና።

ከዚህ ጋር ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት ሲሆን፣ የእጅ ጂፒኤስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል የቦታ ልዩነት አለ። በደብረ ብርሃን ሜዳ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ በደብረ ሲና ገደል ላይ ግን ጉድጓዱ በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ስሕተቱም በቀጥታ ወደ ውኃው ከፍታ ይተላለፋል። ስለዚህ መረጃው ሁሉ በኪውጂአይኤስ ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይቀየር፤ ከዚያም የጉድጓዶቹ ከፍታ ከዲጂታል የከፍታ ካርታ ጋር ይነጻጸር። ከፍ ያለ ልዩነት ያሳየ ጉድጓድ ቦታው ድረስ ተሂዶ ዳግም ሊለካ ይገባዋል።

ቀጥሎ የፓምፕ ሙከራ ትንተና ይመጣል፤ እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው ይህንን ክፍል ነው። ኩፐርና ጄኮብ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጡት ቀላል ዘዴ በኤክሴል ይሠራል። ጊዜው በሎግ ሚዛን (እያንዳንዱ እኩል ርቀት የአሥር እጥፍ ዕድገትን በሚያሳይበት) በአግድም፣ የውኃው መውረድ በቁመት ይቀመጥና ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ከሚያርፉበት ክፍል፣ ጊዜው በአሥር እጥፍ ሲያድግ ውኃው ስንት ሜትር እንደወረደ ይነበባል። ለምሳሌ ፓምፑ በሰከንድ 10 ሊትር፣ ማለትም በቀን 864 ሜትር ኩብ እየሳበ፣ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ደቂቃ ውኃው 4 ሜትር ቢወርድ፣ የዘዴው ቋሚ ቁጥር 0.183 በ864 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 40 ካሬ ሜትር በቀን ያህል ይመጣል። ይህ ባለሙያዎች ትራንስሚሲቪቲ የሚሉት፣ የውኃ አዘሉ አለት ጠቅላላ የማስተላለፍ አቅም ነው። ጄኔሬተሩ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ የፓምፑን መጠን ካዛባው፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውኃው ሲመለስ የተለካው መረጃ ይበልጥ ስለሚታመን ትንተናው በእርሱ ላይ ይመሥረት። ውኃ የመያዝ አቅምን ግን ከራሱ ከሚሳበው ጉድጓድ በአስተማማኝ ሁኔታ ማግኘት አይቻልም፤ ለዚያ በአጠገቡ መመልከቻ ጉድጓድ ያስፈልጋል።

የመስመሩ ቅርጽም ስለ አካባቢው ይናገራል። በሙከራው መጨረሻ አካባቢ ቁልቁለቱ እጥፍ ከሆነ፣ የውኃው መውረድ አንድ አጋጅ ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በገደሉ ዳርቻ ይህ አጋጅ ብዙውን ጊዜ ስንጥቅ ተከትሎ የወጣ ገትር አለት ወይም የመሬት ስብራት ነው። መስመሩ ወደ ጠፍጣፋነት ካዘነበለ ደግሞ ከወንዝ ወይም ከሌላ ንጣፍ የሚጨመር ውኃ መኖሩን ያመለክታል፤ ይህም በሸዋ ሮቢት ደለል ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባ ነው። ይህን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ወደ ሞዴሉ ማስገባት ከሙከራው ግማሹን ጥቅም እንደ መጣል ነው።

አሁን ሞዴልሚዩዝ ይከፈታል። ሞድፍሎው ከእርሱ ጋር አብሮ ስለማይመጣ ለብቻው ወርዶ የተቀመጠበት ቦታ በፕሮግራሙ ውስጥ መጠቆም አለበት። የፋይልና የአቃፊ ስሞች አጭር፣ ክፍተት የሌላቸውና በላቲን ፊደል የተጻፉ ቢሆኑ ብዙ ችግር ይቀራል። መለኪያው ሜትርና ቀን ይሁን፤ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር የሚሰርግ ውኃ በዚህ መለኪያ 0.00027 ሜትር በቀን ይሆናል፤ ከጉድጓድ የሚሳበው ደግሞ በኔጌቲቭ ምልክት ይገባል።

በደጋው ሞዴል የዓባይና የአዋሽ የውኃ ክፍፍል መስመር ፍሰት የማያልፍበት ወሰን ተደርጎ ሊጀመር ይችላል። ነገር ግን ከመሬት በታች ያለው ክፍፍል የግድ ከላዩ ጋር አይገጥምም፤ ከደጋው የሰረገው ውኃ በስብራቶች በኩል ወደ ቆላው ሊሾልክ ይችላልና፣ ወሰኑን ከገደሉ አፋፍ አሳልፎ ወደ ታች መግፋት ይሻላል። በገደሉ ላይ የሚፈልቁት ምንጮች ድሬይን በሚባለው የሞድፍሎው ክፍል (ፓኬጅ)፣ በረሳን የመሰሉ ወንዞች ደግሞ ሪቨር በሚባለው ይወከላሉ። በቆላው ሞዴል ዋናው ውኃ ሜዳው ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ይልቅ ከተራራው ወርዶ በግርጌው ጠጠር ውስጥ ከሚሰርገው ጎርፍ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሰርጎ ገቡ ውኃ በሜዳው ሁሉ እኩል መበተን የለበትም። ለዝናብ ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ ቢሆንም፣ አንዱ ሕዋሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው አፋፉንና ግርጌውን በአንድ ቁጥር ሊጠቀልል ይችላል፤ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ጋር ሳይመሳከር አይወሰድም።

ቁልቁለቱ ኃይለኛ በሆነበት የሞዴሉ ሕዋሳት እየደረቁ ስሌቱ አልጨርስ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ በሞድፍሎው 6 ውስጥ ያለው፣ ሕዋስ ሲደርቅ ስሌቱ እንዳይቋረጥ የሚረዳው የኒውተን አማራጭ ይመረጥ፤ በጉድጓዶቹና በገደሉ አካባቢ ያሉት ሕዋሳት ብቻም እንዲያንሱ ይደረግ።

ካሊብሬሽን የሚጀመረው ጊዜ በማይለውጠው ቋሚ ሁኔታ ነው። የገባውና የወጣው ውኃ ልዩነት ከ1 በመቶ በታች መሆኑ በቅድሚያ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ግን በውኃ ከፍታ ብቻ መርካት አይገባም፤ የሰርጎ ገቡ ውኃና የአለቱ የማስተላለፍ አቅም በአንድነት እጥፍ ቢደረጉ የውኃው ከፍታ እምብዛም ላይለወጥ ይችላል፤ እንዲሳብ የሚፈቀደው የውኃ መጠን ግን እጅግ ይለያያል። ይህን የሚፈታው የፍሰት ልኬት ነው። የበረሳን የበጋ ፍሰትና የገደሉን ምንጮች በልግ ሳይገባ፣ በጥር ወር አካባቢ መለካት ለሞዴሉ ከብዙ ተጨማሪ ጉድጓድ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ፔስትም ቢሆን ይህ ልኬት ሲሰጠው ነው የታመነ ውጤት የሚያወጣው።

የወደፊት ትንበያ ሲሠራ አንድ ቁጥር ብቻ አይቅረብ። ሰርጎ ገቡ ውኃ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ሲሆን የውኃው ከፍታ በየጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለየብቻ ይጻፍ፤ የፓምፑ መቀመጫ ጥልቀትም ከዝቅተኛው ግምት ጋር ይነጻጸር። ከሪፖርቱ ጋር የሞዴሉ ግብዓት ፋይሎች፣ የጉድጓዶቹ ሰንጠረዥና የፓምፕ ሙከራው ጥሬ መረጃ ተያይዘው ለጽሕፈት ቤቱ ይተላለፉ፤ ቀጣዩ ባለሙያ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር መረጃውን በዚያው ሞዴል ላይ ጨምሮ ስሌቱን ዳግም ማስኬድ እንዲችል።