ከትራንስፎርመር እስከ ዋናው ፓነል፦ የመዳብ ባስባርና ተጣጣፊ ማገናኛ አመራረጥ

በገላን፣ በዱከም፣ በቃሊቲ ወይም በሰበታ ፋብሪካ የሚያቋቁም ሰው ለትራንስፎርመሩ ሦስት አራት ቦታ ዋጋ ይጠይቃል። ከቡሽንጉ (ከረንቱ ከትራንስፎርመሩ ውስጥ በሸክላ ተከልሎ ከሚወጣበት ጫፍ) እስከ ዋናው ፓነል ያለችውን ሁለት ሦስት ሜትር ግን «ያው መዳብ ነው» ብሎ ለገጣጣሚው ይተዋታል። ሙቀትና ቃጠሎ የሚጀምረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው፤ በተለይ ቡሽንጉና ባሩ በሚገናኙበት የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ላይ። የባሩን፣ ማለትም ከረንቱን የሚያስተላልፈውን ጠፍጣፋ መዳብ፣ ስፋት መምረጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መጋጠሚያውና ባሩን ከቡሽንጉ ጋር የሚያያይዘው ተጣጣፊ ማገናኛ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ።

15/0.4 ኪሎ ቮልት፣ 1250 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር እንውሰድ። በ400 ቮልት በኩል ሙሉ ከረንቱ 1,250,000 ÷ (1.732 × 400) = 1,804 አምፔር ነው። ለ630 ኬቪኤ 909፣ ለ1000 ኬቪኤ 1,443 ይመጣል። ሒሳቡ በትራንስፎርመሩ ሙሉ አቅም ይሠራ እንጂ ፋብሪካው ዛሬ በሚወስደው ጭነት አይሁን፤ ማሽን ሲጨመር ባስባሩን አብሮ የሚቀይር የለም።

አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ ባሩ ከ65 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ የጀርመኑ የደረጃ ሰነድ የዲን 43671 ሠንጠረዥ ላልተቀባ መዳብ የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ 60×10 ሚሊሜትር 985 አምፔር፣ 80×10 1,240፣ 100×10 1,490። በአንድ ፌዝ ሁለት ባር በባሩ ውፍረት ልክ ክፍተት ትቶ ሲታሰር በቅደም ተከተል 1,720፣ 2,110 እና 2,480 ይሆናል። መዳቡ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ እጥፍ እንደማይሆን ልብ ይሏል፤ ሁለቱ ባሮች እርስ በርስ ይሞቃሉ፣ ከረንቱም እኩል አይከፋፈልም። ከ10 ሚሊሜትር የወፈረ ባር መግዛትም አያዋጣም። በ50 ኸርዝ ከረንቱ ከመዳቡ ገጽ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 9 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ስፋት መጨመር ይሻላል።

ስለዚህ ለ1,804 አምፔር ሁለት 80×10 በወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው» ተብሎ የሚሠራ ሒሳብ ያሳስታል። ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ የአየር መውጫው ጠባብ የሆነ የትራንስፎርመር ክፍል 45 ዲግሪ ከደረሰ፣ ያው ባር ከ65 ሳያልፍ የሚሸከመው ከረንት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይወርዳል። 2,110 የነበረው ወደ 1,650 ይጠጋል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ሁለት 100×10 ማድረግ፣ ወይ ክፍሉን ከታችና ከላይ አስተንፍሶ ባሩን ደብዘዝ ባለ ቀለም መቀባት። የተቀባ ነጠላ 80×10 1,500 አምፔር ድረስ ይሸከማል፤ ቀለም ሙቀትን ከባዶ መዳብ በተሻለ ስለሚያስወጣ ነው። መጋጠሚያው ገጽ ላይ ግን ጠብታ ቀለም አይነካም።

የቦታው ከፍታ ባሩን ከሚጎዳው በላይ የሚጎዳው የአየር ርቀትን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባላቸው ክፍሎች መካከልና ከእነሱ እስከ መሬት የሚተወውን ክፍተት ነው። ቀጭን አየር በኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይበሳል። የተለመደው ደንብ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ርቀቱን 1 በመቶ መጨመር ነው። 2,100 ሜትር ላይ ባለ ቦታ በባሕር ጠለል ሒሳብ 160 ሚሊሜትር የነበረው የ15 ኪሎ ቮልት ርቀት ወደ 178 ያድጋል፤ እንደ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በ15 ኪሎ ቮልት በኩል ከረንቱ 48 አምፔር ብቻ ስለሆነ የመዳቡ ስፋት አያሳስብም፤ እዚያ የሚለካው ርቀት ነው።

መዳቡን መርካቶም ይግዙ ከአስመጪ፣ ሳይመዝኑ አይረከቡ። የ80×10 አንድ ሜትር 7.1 ኪሎ፣ የ100×10 8.9 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ገደማ ከመጣ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ በሰጌቶ ጫፉን ቆርጠው ቢያዩት መሃሉ ነጭ ይሆናል። ክብደቱ ልክ ሆኖም ከቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ፎስፈረስ ወይም ብረት ከገባበት ክብደቱ ሳይቀየር ለከረንት ያለው መከላከል (ሬዚስታንሱ) ያድጋል። ይህን የሚያጋልጠው ማይክሮ ኦም መለኪያ ነው፦ ንጹሕ የኤሌክትሪክ መዳብ 80×10 ከሆነ በአንድ ሜትር 21.5፣ 100×10 ከሆነ 17.2 ማይክሮ ኦም ያሳያል። ከዚያ በ10 በመቶ ከበለጠ ይመልሱት።

ባሩ ሲታጠፍ የውስጥ ጥምዙ ከባሩ ውፍረት አይነስ፤ ለ10 ሚሊሜትር ባር 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። በሞርሳ ጠርዝ ላይ በመዶሻ የታጠፈ ባር ከውጭ በኩል ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። እንዲለሰልስ ብሎ በጋዝ እሳት ማሞቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ በተለመደው የኤሌክትሪክ መዳብ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከእሳቱ ሃይድሮጅን ጋር ተገናኝቶ መዳቡን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ባሩን የሚይዙት ኢንሱሌተሮች የሚመረጡት ለክብደቱ ሳይሆን ለሾርት ነው። በትራንስፎርመሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኢምፔዳንስ (የሾርት ከረንቱን የሚገድበው የውስጥ መከላከል) 6 በመቶ ከሆነ የ1250 ኬቪኤው ሾርት ከረንት 1,804 ÷ 0.06 = 30 ኪሎ አምፔር ነው፤ የመጀመሪያው ጫፍ 63 ኪሎ አምፔር ገደማ ይደርሳል። ፌዞቹ በ150 ሚሊሜትር ከተራራቁ በአንድ ሜትር ላይ 4,600 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 470 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይመጣል። ሁለት ቦታ ብቻ ተይዞ የተንጠለጠለ ባር ይህን አይችልም። ሌላው የሚረሳው ላሜራው ነው። እያንዳንዱ ፌዝ ለብቻው በብረት ላሜራ ቀዳዳ ካለፈ፣ ባሩ ሳይሞቅ ላሜራው ይፋጃል። ሦስቱ ፌዝና ኒውትራሉ በአንድ ሰፊ ቀዳዳ ይለፉ፣ ካልሆነም ያ ክፍል በአሉሚኒየም ይተካ።

አሁን ወደ ተጣጣፊው። መዳብ በዲግሪ በሜትር 17 ማይክሮ ሜትር ይረዝማል። ሦስት ሜትር ባር በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 2.5 ሚሊሜትር ይገፋል፤ ትራንስፎርመሩም በ100 ኸርዝ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። ባሩ በቀጥታ ቡሽንጉ ላይ ከታሰረ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ሸክላውና ጋስኬቱ ላይ ነው። መጀመሪያ በቡሽንጉ ሥር ቀጭን የዘይት ላብ ይታያል፣ አቧራ ይይዛል፤ ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ ያን ጊዜ ሸክላውን ይሰነጥቃል።

ተጣጣፊው ሁለት ዓይነት ነው፦ የተደራረበ ቅጠልና የተጠለፈ ሽቦ። ከሁለቱ ለአብዛኛው የቤት ውስጥ ሥራ ስስ የመዳብ ቅጠሎች ተደራርበው የተሠራውን እንመርጣለን። ቅጠሉ 0.3 ሚሊሜትር ከሆነ 34ቱ 10.2 ሚሊሜትር ውፍረት ይሰጣሉ፤ ስፋቱ ከባሩ ጋር እኩል ሲሆን አቅሙም ይመጣጠናል። ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መታጠፉ ነው። የተጠለፈው ሽቦ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሆኖም እርጥበትና አቧራ በክሮቹ መካከል ይገባል፣ ስለዚህ ክረምት በሚደርስበት ቦታ ቆርቆሮ የተለበጠው ይፈለግ። በሁለቱም ሲገዙ ጫፉን ይመርምሩ፦ በሙቀትና በግፊት አንድ አካል የሆነ መሆን አለበት። በለስላሳ ቆርቆሮና እርሳስ የተበየደ ጫፍ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል፤ በሾርት ጊዜ ይህ ሙቀት በቀላሉ ይደረሳል። ቀዳዳ የሚበሳው በጠነከረው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ወይም ጥልፉ ላይ በትራፓኖ የተበሳ ማገናኛ ክሮቹን ቆርጧል፣ መጣል ነው።

ርዝመቱ ሲታሰር ትንሽ ጎበጥ የሚያደርገው ይሁን። ገትሮ የታሰረ ተጣጣፊ ከጠጣር ባር አይለይም። በተቃራኒው ባሩና ቡሽንጉ ሳይገጥሙ ቀርተው «ተጣጣፊው ያስተካክለዋል» ከተባለ ቅጠሎቹ ጫፉ አጠገብ ተሰብረው ይታጠፋሉ፣ የሚሰነጠቁትም እዚያው ነው። መጀመሪያ ባሩ ይስተካከል።

መጋጠሚያ ላይ ሁለቱ ገጾች በባሩ ስፋት ልክ ይደራረቡ፤ ለ80×10 አራት ኤም 12 ብሎን በ40 ሚሊሜትር ርቀት ይበቃል። ከትራፓኖ በኋላ የቀዳዳው ጠርዝ በሊማ ይነሳ፣ ያ ስስ ከንፈር ብቻውን ገጾቹን ያራርቃል። ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ ወዲያው ስስ የኮንታክት ግሪስ ይቀባ። ቆርቆሮ የተለበጠ ገጽ ግን አይፈተግም፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ብሎኑ ግሬድ 8.8፣ ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላና እንደ ሳህን የጎበጠ ስፕሪንግ ሮንዴላ ያለው ሆኖ በቶርክ ቁልፍ ኤም 10 በ40፣ ኤም 12 በ70 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ። የቡሽንጉ ነሐስ ስታድ (ባሩ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ዘንግ) ግን ይህን አይሸከምም፤ በአምራቹ ወረቀት ላይ ባለው ልክ፣ ሁልጊዜም በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው ያጥብቅ። አለዚያ ስታዱ ከውስጥ ዞሮ ሽቦውን ይጠመዝዛል።

ሲያልቅ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይለካ። 80 በ80 የተደራረበ 10 ሚሊሜትር ባር የዚያኑ ያህል ርዝመት ካለው ያልተቆረጠ ባር፣ 1.7 ማይክሮ ኦም፣ ብዙ መራቅ የለበትም። ይልቁንም ሦስቱ ፌዞች እርስ በርስ ይወዳደሩ፤ አንዱ እጥፍ ካሳየ ተፈትቶ ይታይ። ጭነት ከገባ በኋላ ደግሞ በሙቀት ካሜራ ይታያል፤ ያልተለበጠ የመዳብ መጋጠሚያ ከ90 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

ለማጥበቅ ወይም ለማየት ሲከፈት የ15 ኪሎ ቮልቱ ማብሪያ መውረዱ ብቻ አይበቃም። ግቢው ጀነሬተር ካለውና ከመስመር ወደ ጀነሬተር የሚያዛውረው መቀየሪያ የተበላሸ ወይም የተዘለለ ከሆነ፣ ጀነሬተሩ በ400 ቮልት በኩል ገብቶ ትራንስፎርመሩ ወደ 15 ኪሎ ቮልት ያወጣዋል። የጀነሬተሩ ብሬከር ይቆለፍ፣ በሁለቱም በኩል መብራት አለመኖሩ ይፈተሽ፣ ከዚያ ሁለቱም ወገን ወደ መሬት ይታሰር።