የባሩድ ቀንድ ቅርጽ፦ ቀለም ሲበከል፣ ውታፍ ሲያፈስና ሌሎች ችግሮች

በአሜሪካ ቅኝ ግዛት ዘመን ወታደሮችና አዳኞች ባሩድ የሚይዙበትን ዓይነት ቀንድ ሠርቶ የሚቀርጽ ሰው ደጋግሞ የሚያቃጥለው አንድ ችግር ነው፤ ከእሱ እንጀምር። መስመሩ በስለት ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፤ ላዩ ሲጠረግ ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ብቻ መቅረት አለበት።

ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ ግራጫ ጥላ ጣለ

መስመሩ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ግን ጭስ የነካው ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥላው ብዙ ቀጫጭን ጭረት ነው። ሰው ሁሉ ቀለሙን ይወቅሳል፣ ሌላ ይገዛል፣ ያው ይሆንበታል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ሞረድና ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት የተዉት ጭረት ሁሉ ልክ እንደተቀረጸው መስመር ቀለም ይይዛል።

መነሻው ችኮላ ነው። ከ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀጥታ ወደ 400 ይዘላሉ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፤ 400ው ላዩን ያበራል እንጂ የ120ውን ጭረት ከሥሩ አያነሳም። የባሰው ደግሞ በሞተር ተወልውሎ የሚሸጠው ቀንድ ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ጭረቱ ግን በሰም ተሸፍኖ እዚያው አለ። እንዲህ ባለ ቀንድ ላይ የሃድሰንን ወንዝ ከኒውዮርክ እስከ ኦልባኒ ከነምሽጎቹ የቀረጸ ሰው፣ ቀለሙን በቀባበት ቅጽበት የሳምንታት ድካሙ ይጨልምበታል።

ከመቅረጽ በፊት በስለታም መፋቂያ በቀንዱ ርዝመት ይፋቁ። ከዚያ 120፣ 220፣ 320፣ 400፣ 600፤ አንዱንም አይዝለሉ። በየቁጥሩ የማሻሻውን አቅጣጫ ይቀይሩ፣ የቀደመው ጭረት ጨርሶ ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አይለፉ። ማጠናቀቂያው 0000 ቁጥር የብረት ሱፍ ነው። አምፖሉን በጎን ዝቅ አድርገው ካዩ ዓይን የሳተው ሁሉ ይወጣል። ቀጥሎ በሰፊው ጫፍ የማይታይ ቦታ ላይ የጥፍር ስፋት ያህል ቀለም ቀብተው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ንጹህ ከሆነ ይቅረጹ፤ ጥላ ከቀረ ወደ 220 ይመለሱ። ስስ ሰም ቀብቶ መወልወልም ይረዳል፤ ግን ከመቅረጽ በፊት ብቻ! በኋላ ከሆነ ሰሙ መስመሩን ይደፍነዋል።

ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ከታየ በብረት ሱፍ ቀስ ብለው ይሹት። ካልለቀቀ በ600 ወረቀት ያንሱት፤ መስመሩ ስለሚሳሳ አንድ በአንድ ደግመው መቅረጽ ግድ ነው።

ቀለሙ ከመስመሩ ጠርዝ ብቻ እየሾለከ በቀንዱ ርዝመት ከሄደ ግን ስለቱ ደንዝዟል። ደነዝ ስለት የቀንዱን ቃጫ ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም። በየጥቂት ደቂቃው ይሳሉት።

ፊደላቱ ወደ ታች ይወርዳሉ

ቀንድ ሾጣጣ ስለሆነ ቀጥ ያለ የመሰለ መስመር ይጠማዘዛል። ክር ጠምጥመው በእርሳስ ያስምሩ። እ.ኤ.አ. በ1755 በኒውዮርኩ የሌክ ጆርጅ የጦር ሰፈር፣ በ1775 ደግሞ በአሜሪካ አብዮት መጀመሪያ በቦስተን ከበባ የተቀረጹት ቀንዶች አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ይዘዋል፤ ጽሑፉን ወረቀት ላይ ለክተው ካላስቀመጡ ዓመቱ የሚገባበት ቦታ ያጣሉ።

ውታፉ ያፈሳል

ውታፉ የቀንዱን ሰፊ ጫፍ የሚዘጋው እንጨት ነው። ካፈሰ፣ ሰፊው ጫፍ ክብ አይደለም፣ ወይም እንጨቱ እርጥብ ነበር። ጫፉን በፈላ ውሃ አለስልሰው በሾጣጣ እንጨት ይወጥሩት፣ እስኪቀዘቅዝ አይንኩት። ውታፉ በደንብ ከደረቀ ጥድ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ጠርዙን በንብ ሰም ይዝጉ። ሰፊውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው በቀጭኑ ይንፉ፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ይህ ሁሉ ባሩድ ገብቶበት በማያውቅ ቀንድ ላይ ነው። አንዴ ባሩድ የያዘ ቀንድ ባዶ ቢመስልም ብናኝ አለበት፤ ሰም ለማቅለጥ ብለው እንኳ ሙቀት አያስጠጉት።

ሌሎች

የሚሸት ቀንድ የአጥንት ቅሪት አለበት፤ ቀቅለው ይፋቁት። ላዩ የሚላጥ ከመጠን በላይ ተቀቅሏል፤ እስከ ጤነኛው ንብርብር ይፋቁ፣ ከሳሳ ይጣሉት። ጥቃቅን ጉድጓድ የብል ሥራ ነው፤ በፕላስቲክ አሽገው ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት።

የቀንድ አቧራ አይተንፍሱ፤ እያረጠቡ ይሹ፣ ጭንብል ያድርጉ። አባ ሰንጋ በጥሬ ቀንድ ሊመጣ ስለሚችል እንዴት እንደሞተ ካልታወቀ ከብት ቀንድ አይውሰዱ።

በተኩስ ጊዜ ባሩዱን ከቀንዱ ቀጥታ ወደ ጠመንጃው አፈሙዝ አያፍስሱ። ከቀደመው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ ቀንዱ እጅዎ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ወደ መለኪያ ይገልብጡ፣ ቀንዱን ይክደኑ፣ ከዚያ ያጉርሱ።