ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ኮድ ስትልኩ አመጣጡ እንዲታወቅ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የመጀመሪያውን ኮሚት (አንድ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) የላክሁት ደሴ ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ በሚቀይር ኮድ ላይ የተደረገች ትንሽ ማስተካከያ ነበረች። ተቀበሉኝ፤ ስሜ ግን የለም። ከእኔ በፊት ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ልጅ የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ስሙንና ኢሜይሉን ሞልቶ ስለሄደ ሥራዬ በእሱ ስም ተመዘገበ። አንዴ ዋናው ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ውስጥ የገባን ታሪክ መቀየር የሁሉንም ሰው ቅጂ ያናጋል፤ እስከ ዛሬ እንደዚያው አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ በጊት ኮንፊግ ስማችሁንና ኢሜይላችሁን ሙሉ። የጋራ ኮምፒውተር ከሆነ ለሁሉም ፕሮጀክት የሚሠራውን ግሎባል የሚለውን አትንኩት፤ ለዚያ ፕሮጀክት ፎልደር ብቻ ይሁን። ኢሜይላችሁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹ ጊትሃብ መደበቂያ አድራሻ ይሰጣል።

የፕሮጀክቱን የአስተዋፅዖ መመሪያና ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) አንብቡ፤ ለሥራችሁ የራሱን ብራንች ክፈቱ።

አንድ ኮሚት አንድ ጉዳይ ይያዝ። እኔ መብራት ይጠፋል እያልሁ የቀኑን ሥራ በአንድ ጠቅልዬ እልክ ነበር፤ ገምጋሚ ምኑን ከምን ይለየው? ጊት ያለ ኢንተርኔትም ኮሚት ያደርጋል። ላፕቶፓችሁ ላይ ከፋፍላችሁ አስቀምጡና ኔትወርክ ሲመጣ ፑሽ አድርጉ፣ ማለትም ላኩት። መልእክቱም «አስተካክያለሁ» አይሁን። እንዲህ ጻፉት፦ «ጳጉሜን 6 በሆነ ማግሥት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ኮዱ ግን ለመስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 11 ይል ነበር።»

ከባዱ የኮዱን ምንጭ መናገር ነው። ሁለተኛው ሥራዬ ላይ የቀን ማስሊያውን ፋንክሽን ከሌላ ፕሮጀክት ወሰድሁ። የቫሪያብሎቹን ስም ቀየርሁ፣ በራሴ አጻጻፍ አስተካከልሁትና የራሴ ነው ብዬ አመንሁ። የወሰድሁበት ፕሮጀክት ላይሰንስ ጂፒኤል ነበር፤ የላክሁበት ግን ላላ ያለው ኤምአይቲ። የጂፒኤል ኮድ የተቀላቀለበት ሥራ ደግሞ ሲሰራጭ በጂፒኤል ደንብ መሆን አለበት። ገምጋሚዋ የስሌቱን ቅደም ተከተል አይታ «ይህ ከየት ነው?» አለችኝ። ሁለት ቀን መልስ አጣሁ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ «አብሽር፣ እንዳለ ጻፍላት» አለኝ፤ ጻፍሁ። ኮዱ ከፕሮጀክቱ ወጣ፣ በላዩ የሠራሁት የሦስት ሳምንት ሥራም አብሮት። መጀመሪያውኑ ምንጩን በአንድ መስመር ብጽፍ ገና በጠዋቱ ሌላ መንገድ ትጠቁመኝ ነበር።

አሁን ሥራ ስጀምር አንድ ባዶ ፋይል እከፍታለሁ። ከየት ምን እንደወሰድሁና በምን ላይሰንስ እንደወጣ ገና በወሰድሁበት ደቂቃ እመዘግባለሁ፤ ማታ ላይ አይታወስም። ከስታክ ኦቨርፍሎው የተቀዳ መልስ እንኳ ምንጩ ካልተጠቀሰ ፈቃዱ ይጣሳል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስጻፋችሁት ካለ እሱንም ጻፉ። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 እንዲህ ያለውን ኮድ ከልክሏል፤ የእናንተ ፕሮጀክት ምን እንደሚል ቀድማችሁ እዩ።

ብዙ ፕሮጀክቶች «ሳይንድ ኦፍ ባይ» (Signed-off-by) የሚል መስመር ይጠይቃሉ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ነው፤ ትርጉሙም «ይህን ኮድ የመላክ መብት አለኝ» ማለት ነው። ኮሚት ስታደርጉ ሰረዝና ትንሿን ኤስ (-s) ጨምሩ። ትልቁ ኤስ (-S) ሌላ ነው፤ እሱ በቁልፍ የሚደረግ ዲጂታል ፊርማ ነው። «ሳይንድ ኦፍ ባይ»ን ግን ምን እንደሚል ሳታነቡ እንደ ማኅተም አትምቱት።

አብሯችሁ የሠራ ካለ «ኮ ኦተርድ ባይ» (Co-authored-by) ብላችሁ ከመልእክቱ ግርጌ ስሙን አስገቡ። እኔና ጓደኛዬ ከአቦል እስከ በረካ ተከራክረን የተስማማንበትን ሁሉ ፑል ሪኩዌስቱ (ኮዱን ተቀበሉን የሚለው ጥያቄ) ላይ እናሰፍራለን፤ የተውነውንም ሐሳብ ከነምክንያቱ። ቡናው ላይ ያልነበረ ገምጋሚ ያንን ከየት ያገኘዋል?

ስሪት የምትለቁ ከሆነ ደግሞ የምታሰራጩት ጥቅል ጊት ላይ ካለው የኮድ ማከማቻ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ፋይል በሚያጨምቀው ኤክስዜድ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የተገኘውን ስውር በር የሚቀሰቅሰው መስመር ጊት ላይ አልነበረም፤ የነበረው በሚወርደው ጥቅል ውስጥ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው አንድሬስ ፍሮይንድ የደረሰበት ሌላ ማሽን ውስጥ ከሩቅ በሚያስገባው ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። እኔ ከመልቀቄ በፊት ጥቅሉን ፈትቼ ከማከማቻው ጋር ልዩነት በሚያሳየው ዲፍ አስተያያለሁ፤ በአውቶማቲክ የተፈጠረ ፋይል ካለም የተፈጠረበትን ትእዛዝ አብሬ አስቀምጣለሁ።