የሕክምና ፍራሾችን በሰውነት ግፊት ካርታ ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሆስፒታሎችም ሆነ በየቤቱ፣ አከርካሪው የተጎዳ፣ ስትሮክ ያገኘው ወይም የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ለወራት የተኛ ታማሚ ሲኖር፣ ከዋናው ሕመም ባልተናነሰ የሚያስፈራው የአልጋ ቁስል ነው። ቁስሉን ለመከላከል ጫናን የሚቀንሱ ልዩ ልዩ ፍራሾች የተሠሩ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱን ለመምረጥ የሰውነት ግፊት ካርታ የሚባለው ዘዴ ያገለግላል። በብዙ ጥቃቅን ሴንሰሮች የተሞላ ስስ ምንጣፍ በታማሚውና በፍራሹ መካከል ይነጠፋል፤ በየነጥቡ ያረፈውን ጫናም የደም ግፊት በሚለካበት አሃድ፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እየለካ በኮምፒውተር ላይ በቀለም ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ከፍተኛ ጫናን፣ ሰማያዊ ዝቅተኛ ጫናን ያመለክታል። ሥዕሉ ለዓይን ግልጽ ስለሆነ ፍርዱም ቀላል ይመስላል። ሆኖም አንድ ካርታ የሚናገረው ስለ አንድ አካል፣ በአንድ አኳኋን፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ክፍል ስለተወሰደ ልኬት ብቻ ነው፤ ይህን የዘነጋ ንጽጽር ገንዘብንም የታማሚንም ቆዳ ይጎዳል።

ሥር የሰደደው ስህተት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን የደኅንነት ወሰን አድርጎ መያዝ ነው። ቁጥሩ የመጣው ዩጂን ላንዲስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ካሳተመው ጥናት ነው። ላንዲስ የለካው በጤነኛ ሰዎች ጥፍር ሥር ባሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ በደም ወሳጁ በኩል በአማካይ 32፣ በደም መላሹ በኩል ደግሞ 12 ሆኖ አግኝቶታል። ስለ ፍራሽ፣ ስለ መቀመጫ አጥንት ወይም ደሙ ስላነሰ አዛውንት አላጠናም። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚመራ ገዢ 34 ያሳየውን ፍራሽ ጥሎ 30 ያሳየውን ቢያነሣ፣ በሁለቱ መካከል በተጨባጭ ልዩነት ላይኖር ይችላል። ከዚህም በላይ ጉዳቱ የሚወሰነው በጫናው መጠን ብቻ አይደለም፤ ኮሲያክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የእንስሳት ሙከራ እንዳሳየው፣ ከባድ ጫና በአጭር ጊዜ ሥጋን እንደሚጎዳ ሁሉ ቀላል ጫናም ለረጅም ሰዓት ከቆየ ይጎዳል። ስለዚህ ካርታው «ይህ ፍራሽ ደኅና ነው» ብሎ አይፈርድም፤ የሚለው «ለዚህ ሰው ይኸኛው ከዚያኛው የተሻለ ጫናውን አሰራጭቷል» ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት አንዱን ትልቁን ቁጥር ብቻ ማየት ነው። አንድ ሴንሰር የአንሶላ እጥፋት ወይም የልብስ ቁልፍ ቢያርፍበት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። ከአጥንቱ በላይ ያሉ ጎረቤት ሴንሰሮችን አማካይ፣ ሰውነቱ ፍራሹን የነካበትን ስፋትና ጫናው ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ምን ያህል በድንገት እንደሚለወጥ አንድ ላይ መመልከት ይሻላል። የቀለሙ መለኪያም ለሁሉም ፍራሾች አንድ መሆን አለበት፤ ሻጩ የቀዩን መነሻ ከፍ ካደረገው ማናቸውም ፍራሽ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በተለያዩ ድርጅቶች ምንጣፎች የተወሰዱ ልኬቶችንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ተገቢ አይደለም።

ታማሚው እንደተኛ ወዲያውኑ ማንበብ በአካባቢያችን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስህተት ነው። ስፖንጅ ከሰውነት በታች ቀስ በቀስ ስለሚረግብ ንባቡ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይለዋወጣል፤ ሴንሰሮቹም ራሳቸው ጫና ሲቆይባቸው ንባባቸው ይንሸራተታል። በመሆኑም ለሁሉም ፍራሽ እኩል የሆነ የጥበቃ ጊዜ መወሰን ያስፈልጋል። በሙቀት እየለሰለሰ የሰውነትን ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅ ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ይጠነክራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሞቅ ባለ ማሳያ ክፍል በቀትር የተነሣው ካርታ እዚህ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሚሆነው ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። ፍራሹ በሚያገለግልበት ክፍል ውስጥ አድሮ፣ በማለዳም በቀትርም ቢለካ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ያለ ሞተር አየር የታሸገባቸው ፍራሾችና ትራሶችም ከፍታ ይነካቸዋል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት የተሞላ አየር በጣርማ በር በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ይስፋፋል፣ ፍራሹም ይጠጥራል፤ ስለሆነም ከመለካት በፊት አየሩን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው።

ስለ ማንጠፊያው ብዙ ሰው አያስብም። ምርቱ የተለካው በባዶው ወይም በአንድ ስስ አንሶላ ሲሆን፣ በቤታችን ግን ታማሚው እንዳይበርደው ባና ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ ሽንት እንዳያበላሸው ደግሞ ፕላስቲክ ይደረብበታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን በጥብቅ የተወጠረ ፕላስቲክ ሰውነት ወደ ፍራሹ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል፣ ውዱ ፍራሽም ከተራው እምብዛም አይለይም። ለመለኪያ የሚነጠፈውም ምንጣፍ ከተወጠረ ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ታማሚው በእውነት በሚተኛበት ማንጠፊያ መለካት፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየቀነሱ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለብርዱ ባናውን ከላይ ማልበስ ይበቃል።

በታማሚው ፈንታ ጤነኛ ሠራተኛ አስተኝቶ መለካትም ይዘወተራል። ሥጋ የሞላው ወጣት ዳሌና ሥጋው ያለቀ አዛውንት ዳሌ በአንድ ፍራሽ ላይ ፈጽሞ የተለያየ ካርታ ይሰጣሉ። በጀርባ ብቻ ለክቶ ማቆምም በቂ አይደለም፤ ታማሚው ምግብ ሲበላ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይላል፣ ያን ጊዜ ክብደቱ ከወገብ በታች ባለው አጥንት ላይ ይከማቻል። ተረከዝ ደግሞ ትንሽ ስፋት ያለው አጥንት ስለሆነ በጥሩ ፍራሽም ላይ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ፍራሽ መለወጥ ሳይሆን ከባት ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዙን ከአልጋው ማንሣት ነው።

ካርታው የማያየውን ነገር መርሳት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የተለመደው ምንጣፍ የሚለካው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጫነውን ኃይል እንጂ ራስጌው ከፍ ሲል ሰውነት ወደ ታች እየተንሸራተተ ቆዳን ከሥጋ የሚጎትተውን ኃይል አይደለም። ላብንና ሙቀትንም አይለካም፤ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ቆዳን በላብ የሚያረጥብ ሽፋን ያለው ፍራሽ በካርታው ቢያሸንፍም ለታማሚው የማይበጅ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ አጠገብ በሥጋው ውስጥ ያለውም ጫና ከቆዳው ላይ ከሚነበበው ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም ሰማያዊ ካርታ አይቶ ታማሚውን ማገላበጥ የሚያቆም አስታማሚ በታላቅ ስህተት ላይ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ የመጀመሪያው መቅላት በዓይን ስለማይለይ፣ በሚገላበጥበት ጊዜ ከአጥንቱ በላይ ያለውን ቦታ በእጅ ዳስሶ ከዙሪያው ይበልጥ መሞቁን፣ መጠጠሩን ወይም መለስለሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ታማሚው መናገር ከቻለም ሕመሙን መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው በኤሌክትሪክ ሞተር በየተራ የሚነፉና የሚተነፍሱ ክፍሎች ያሉትን የአየር ፍራሽ ይመለከታል። የእነዚህ ፍራሾች ሥራ ጫናውን ከቦታ ቦታ ማፈራረቅ ስለሆነ፣ በአንድ ቅጽበት የተነሣ ካርታ ከስፖንጅ የከፉ ወይም እጅግ የተሻሉ አስመስሎ ሊያሳያቸው ይችላል። ሙሉውን ዙር፣ ማለትም ሁሉም ክፍሎች ተነፍተው እስኪተነፍሱ ድረስ ያለውን ጊዜ፣ ያለማቋረጥ መቅዳትና እያንዳንዱ የአጥንት ቦታ ከዙሩ ስንት ደቂቃ በእርግጥ ዕረፍት እንዳገኘ መቁጠር ይገባል። መብራት የሚቋረጥበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከመግዛት በፊት ሞተሩን ነቅሎ፣ ታማሚው ወይም በክብደቱ የሚመስለው ሰው እንደተኛ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ካርታውን እያነሱ ፍራሹ አየሩን እስከ መቼ እንደሚይዝ መመዝገብ ተገቢ ነው። ካርታ ማንሻው ከሌለ፣ እጅን ከፍራሹ ሥር በመቀመጫው አጥንት ትይዩ አስገብቶ በሰውነቱና በእጁ መካከል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት መኖሩን መፈተሽ ይቻላል፤ አጥንቱ ለእጅ ከተሰማ ፍራሹ ታማሚውን መሸከም አቁሟል ማለት ነው፣ መብራቱ እስኪመለስም ታማሚው ወደ ስፖንጅ ፍራሽ መዛወር አለበት።