ቲሸርቱ ለምን 32 በመቶ ተጠየቀበት? ወደ አሜሪካ ለሚገቡ ልብሶች የታሪፍ ምደባ ችግርና መፍትሄ

ቲሸርት አሳትሞ ወደ አሜሪካ የሚያስመጣ የእኛ ሰው ድሮ በትንሽ በትንሹ በፖስታ ያስመጣ ነበር። ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ስለሚያልፍ የታሪፍ ቁጥር (የዕቃውን ዓይነትና ቀረጡን የሚወስነው የጉምሩክ ቁጥር) ማንንም አያስጨንቅም ነበር። ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ግን ያ በር ተዘጋ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው መደበኛውን ቀረጥ ብቻ ነው። በላዩ ላይ የሚጨመረው ታሪፍ እንደ አገሩና እንደ ጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመጫኑ በፊት ብሮከራችሁን (የጉምሩክ ወኪላችሁን) ጠይቁ።

16.5 በመቶ ጠብቃችሁ 32 በመቶ መጣ

አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ክሩ ላይ ነው። የጥጥ ቲሸርት በ6109.10 ተመድቦ 16.5 በመቶ ይከፍላል፤ የፖሊስተሩ በ6109.90 ሆኖ 32 በመቶ። ድብልቅ ከሆነ በክብደት የበዛው ክር ይወስነዋል፤ 60 ጥጥ 40 ፖሊስተር እንደ ጥጥ ይቆጠራል። ሰው የሚሸወደው 50/50 ላይ ነው። እኩል ሲሆኑ በታሪፉ ቅደም ተከተል ኋላ የመጣው ክር ይወስዳል፣ ፖሊስተር ደግሞ ከጥጥ በኋላ ነው የተጻፈው። 1,000 ቲሸርት በ4 ዶላር ቢገዛ፣ 660 ዶላር ይሆን የነበረው ቀረጥ 1,280 ይሆናል ማለት ነው።

ግራጫውን ተጠንቀቁ። ነጩና ጥቁሩ መቶ በመቶ ጥጥ ሆነው፣ ያው ሞዴል፣ ያው ካርቶን፣ ዥንጉርጉሩ ግራጫ (ፋብሪካዎቹ ሄዘር የሚሉት) ፖሊስተር የገባበት ሆኖ ይገኛል። ኢንቮይሱ ግን ሁሉንም "የጥጥ ቲሸርት" ብሎ በአንድ መስመር ጠቅልሎታል። መፍትሄው የክሩን መጠን በየቀለሙ ለይቶ ከፋብሪካው በጽሑፍ መቀበልና ኢንቮይሱ ላይ በተለያየ መስመር ማስጻፍ ነው። ገና ካላዘዛችሁ 52 ጥጥ 48 ፖሊስተር ማዘዝ ማጭበርበር አይደለም፤ ጨርቁን ሳይነኩ ልብሱ ላይ የክሩን መጠን የሚናገረውን ምልክት ብቻ መቀየር ግን ማጭበርበር ነው። ጉምሩክ የራሱ ላብራቶሪ አለው።

"ቲሸርት" ብላችሁ አስገብታችሁ "ቲሸርት አይደለም" ተባላችሁ

ሻጩ ያወጣለት ስም ዋጋ የለውም። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና የታችኛውን ጠርዝ እዩ። ወገቡ ላይ እንደ ሹራብ የሚሰበሰብ ጠርዝ ወይም የሚታሰር ገመድ ካለው 6109 አይቀበለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ መሄጃው ሹራብና ሁዲ የሚመደቡበት 6110 ነው። ውስጡ ተቦርሾ የለሰለሰ ጨርቅም ቲሸርት አይባልም። ኮሌታና ከደረት በላይ ቁልፍ ያለው የወንድ ፖሎ ወደ 6105 ይሄዳል፣ ጥጥ ከሆነ 19.7 በመቶ። እዚያም ቢሆን ከወገብ በታች ኪስ ካለው ወይም እጅጌ ከሌለው ይወጣል። ሸካራ ፖሎ ከሆነ ደግሞ ማስመሪያ አምጡ፦ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ በአግድምም በቁመትም በአማካይ ከ10 ያነሰ የክር ቀለበት ከቆጠራችሁ 6105 ውስጥ አይገባም።

የጥጥ ሁዲም የጥጥ ቲሸርትም 16.5 በመቶ ስለሚከፍሉ "ምን ቸገረኝ" የሚል አለ። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን መግለጫው ተሳስቷል፣ ያንኑ ስህተት በየጭነቱ መደጋገም ደግሞ ቸልተኝነት ተብሎ ቅጣት ያስከትላል።

ሁሉም "ባህላዊ ልብስ" ተብሎ በአንድ ቁጥር ገባ

ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሻንጣ የተለመደ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የተሸመነ ስለሆነ የታሪፉ ምዕራፍ 62 ነው፣ ነጠላውም እዚያው በ6214፤ ባንዲራ የታተመበት ቲሸርት ግን ክሩ ቀለበት ለቀለበት ተያይዞ (በሹራብ አሠራር) የተሠራ ስለሆነ ምዕራፍ 61 ነው። ልዩነቱ ገንዘብ ነው፦ የሴት የጥጥ ቀሚስ ሲሸመን መደበኛው 8.4 በመቶ፣ በሹራብ አሠራር ከሆነ 11.5 በመቶ። መለጠጡን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ላስቲክ የገባበት የተሸመነ ጨርቅም ይለጠጣል። በማጉያ መነጽር እዩት፦ ክሮቹ በቁመትና በአግድም ቀጥ ብለው ከተሻገሩ ሽመና ነው፣ ትናንሽ ቀለበቶች ከታዩ ሹራብ ነው።

የሕፃን ልብስ 6111 የሚሆነው ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ሕፃን የተሠራ ከሆነ ነው። ጡት መያዣ በማንኛውም አሠራር ይሠራ 6212 ነው።

ዕቃው ገብቶ ካለቀ በኋላ ደብዳቤ መጣ

ደብዳቤው የጉምሩክ ቅጽ 28 ከሆነ ማብራሪያ እየጠየቁ ነው፣ 30 ቀን አላችሁ። ናሙና፣ የክር ማረጋገጫና የፋብሪካ ወረቀት ላኩ። ቅጽ 29 ከሆነ ቁጥሩን ለመቀየር ወስነዋል ወይም ሊወስኑ ነው። ጉምሩክ የቀረጡን ሂሳብ አጠናቆ ሳይዘጋ ስህተቱን ራሳችሁ ካገኛችሁት ብሮከሩ ማስተካከያ ማስገባት ይችላል፤ ከተዘጋ በኋላ ተቃውሞ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ያንኑ ልብስ ደጋግማችሁ የምታስመጡ ከሆነ ግን ጉምሩክን አስቀድማችሁ የጽሑፍ ውሳኔ ጠይቁ፦ ነጻ ነው፣ ናሙና ትልካላችሁ፣ የተሰጣችሁ ቁጥርም ያስገድዳቸዋል።