መስራቾቹ የሌሉበት የሮክ ባንድ፦ ስሙን ይዘው የሚቀጥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስራቾቹ ከሄዱ ባንዱም ይሙት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ናፓልም ዴዝ የተባለው ባንድ በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሸክላው ሁለት ገጾች በተለያዩ አባላት የተቀዱ ነበሩ፤ በሁለቱም ገጽ የተጫወተው ድራመሩ ሚክ ሃሪስ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1991 ወጣ። ባንዱ ግን ከዚያ በኋላም አልበም ማውጣቱንና መድረክ መውጣቱን አላቆመም፣ አድማጩም አብሮት ዘለቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ጎበዝ ሙዚቀኞች ስም ተረክበው፣ ከነሱ በፊት ሌሎች በወደቁበት ጉድጓድ ሲወድቁ ማየት ነው።

በድሮ ፎቶ ቲኬት መሸጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፖስተሩ ላይ ሕዝቡ የሚወዳቸው የድሮ ፊቶች፣ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው። እባካችሁ ይህን ማስታወቂያ አትበሉት፤ ማታለል ነው። በ1974 የፍሊትውድ ማክ ማናጀር ክሊፎርድ ዴቪስ ስሙ የእኔ ነው ብሎ ከወቅቱ አባላት አንድም የሌለበት ቡድን ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ላከ። ተመልካቹ ነቃ፣ ጉዞው ፈረሰ፣ እውነተኞቹ አባላትም ስማቸውን ለማስከበር ፍርድ ቤት ገቡ።

መስራች ነኝ ማለትም አያድንም። ሮድ ኢቫንስ የዲፕ ፐርፕል የመጀመሪያ ድምፃዊ ነበር፤ በ1969 ወጣ። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ በ1980 በባንዱ ውስጥ ኖረው የማያውቁ ሙዚቀኞች አሰልፎ በዚያው ስም መድረክ ወጣ። ፍርድ ቤቱ 672,000 ዶላር ካሳ ፈረደ። ቲኬት የገዛው ሰው ያንን ድምፅ፣ ያንን ጊታር ሊሰማ ነው ገንዘቡን ያወጣው። የዛሬዎቹን አባላት ፎቶና ስም በጉልህ አትሙ። ፊታችሁን ፖስተር ላይ ለማውጣት የምትፈሩ ከሆነ ችግሩ ፖስተሩ አይደለም፤ ገና ለመድረኩ አልደረሳችሁም፣ ልምምዳችሁን ቀጥሉ።

የስሙን ባለቤት በጽሑፍ አለማስፈር

ውሉ መጻፍ ያለበት ሁሉም በሚዋደድበት ጊዜ ነው። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከፒንክ ፍሎይድ ወጥቶ በዓመቱ ስሙ ከእንግዲህ እንዳያገለግል ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1987 መጨረሻ ሲስማሙ ስሙ በባንዱ ለቀጠሉት ለጊልሞርና ለሜሰን ቀረ። አንደርሰን፣ ብሩፎርድ፣ ዌክማንና ሃው በ1989 አንድ ላይ ሲሠሩ የስሙ መብት በእጃቸው ስላልነበረ በቀድሞ ባንዳቸው ስም «የስ» (Yes) ሊባሉ አልቻሉም፤ አልበማቸውን በየራሳቸው ስም አወጡ። ሊነርድ ስኪነርድ የተባለው ባንድ አባላቱ ከሞቱበት ከ1977ቱ የአውሮፕላን አደጋ ዓመታት በኋላ ሲመለስም ከሟቾቹ ቤተሰብ ጋር ተካስሶ በ1988 በስሙ አጠቃቀም ላይ ገደብ ያለው ስምምነት ፈረመ።

ስለዚህ ጻፉት፦ አንድ ሰው ቢወጣ ድርሻው ምን ይሆናል? ቢሞት ወራሾቹ ድምፅ አላቸው? ከነባሮቹ ስንት ሲቀሩ ነው ስሙ የሚያበቃው? የንግድ ምልክቱስ በማን ስም ተመዘገበ? ማናጀሩ ስሙን በራሱ አስመዝግቦት ሲገኝ አዝኖ መቀመጥ ምንም አይፈይድም።

አዲሱን ድምፃዊ የቀድሞው ግልባጭ ማድረግ

የኤሲዲሲ ባንድ ድምፃዊ ቦን ስኮት በፌብሩዋሪ 1980 ሞተ። ባንዱ ብራያን ጆንሰንን አስገብቶ በዚያው ዓመት ጁላይ አዲስ አልበም አወጣ፤ ጆንሰን የዘፈነው በራሱ ጉሮሮ ነበር። አዲስ ለምትገቡ ልጆች አንጀቴ ይበላል፤ የሟችን ልብስ ልበሱ፣ እንደሱ ተንቀሳቀሱ የሚላችሁን አዘጋጅ እምቢ በሉት። የድሮዎቹን ዘፈኖች አክብራችሁ ተጫወቱ፣ አዲስም ጻፉ።

የታመመን መስራች ለአንድ ዘፈን ማውጣት

የታመመው መስራች መድረክ የሚወጣው ለአንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ፣ ቲኬት ገዢው ሙሉውን ኮንሰርት ይጫወታል ብሎ እንዳይጠብቅ ለአንድ ዘፈን ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ስሙ ላይ ቃል ጨምሮ ነጻ ወጣሁ ማለት

በ2003 የዶርስ ሁለት ነባር አባላት፣ ማንዛሬክና ክሪገር፣ በባንዱ ስም ላይ «የ21ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ጨምረው መድረክ ወጡ። ድራመሩ ዴንስሞር ከሰሳቸው፤ ፍርድ ቤቱም ስሙን ከለከላቸው። የስሙ ባለድርሻ ሳይስማማ ቅጥያ መብት አይሆንም። ባለድርሻዎቹ ከተስማሙ ግን ኩዊን የሚያደርገውን አድርጉ፤ የእንግዳውን ድምፃዊ ስም ከባንዱ ስም ቀጥሎ በመደመር ምልክት «ኩዊን + አዳም ላምበርት» ብሎ ይጽፋል፣ ቲኬት ገዢውም ማንን ሊሰማ እንደሚሄድ ያውቃል።