ያገለገለ ፒክአፕ ሳይከስሩ እንዴት እንደሚገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፒክአፕ መግዛት ከባድ ሆኗል። አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ዛሬም በሚሊዮኖች ይጠራበታል። ይህን መኪና የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ እህል ነጋዴው፣ ትንሹ ኮንትራክተር፣ ዶሮ አርቢው፣ ወተት የሚያመላልሰው። ያጠራቀመውን ሁሉ አንድ መኪና ላይ የሚያፈስ ሰው ተሳስቶ የመግዛት አቅም የለውም።

የገበያውን ዋጋ እኔም እርስዎም አናወርደውም። በዋጋው ላይ የሚደረበውን ወጪ ግን በአብዛኛው ማስቀረት ይቻላል። ሰው የሚከስረውም በብዛት እዚያ ላይ ነው፤ ያልተከፈለ ቀረጥ፣ ያልታየ እገዳ፣ ከገዙ በወሩ የሚወርድ ሞተር።

መጀመሪያ ለምን እንደተወደደ ይወቁ፤ ለድርድር ይጠቅማል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ አውቶሞቢል ነበረበት። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫውም አብሮ ናረ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ብሩ ዋጋ እንዳያጣበት መኪና ገዝቶ ማቆም ጀመረ። ስለዚህ ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ሲልዎት ሁሉም ውሸት አይደለም። ተቻኩሎ ለመግዛት ግን ምክንያት አይሆንም።

1. ጠቅላላ ገንዘብዎን ይቁረጡ

«ይህን ያህል ብር አለኝ፣ በዚህ መኪና ልፈልግ» ብለው አይጀምሩ። ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር አለኝ እንበል። ከዚህ ላይ ለስም ማዛወሪያና ለቴምብር ቀረጥ፣ ለደላላ፣ ለመድን፣ ለጎማና ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን ይነሳል። እኔ ቢያንስ 15 ከመቶውን አስቀምጡ እላለሁ። 450,000 ብር ማለት ነው። እንግዲህ የሚፈልጉት መኪና በ2 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር የሚገኝ ነው። የ3 ሚሊዮኑን ሄደው እንኳ አይዩት። ካዩት ይወዱታል፣ ከወደዱት ይበደራሉ።

ሌላም ነገር ያስቡ። በወር ለጥቂት ቀናት ብቻ ዕቃ የሚያጓጉዙ ከሆነ የኪራይ ዋጋ ጠይቀው ከዚህ ገንዘብ ጋር ያነጻጽሩ። አንዳንዴ መልሱ እዚያው ይገኛል።

2. የትኛው ፒክአፕ ለሥራዎ እንደሚሆን ይለዩ

ደብል ጋቢና ሁሉም ይፈልገዋል። ቤተሰብም ይጫናል፣ ዕቃም ይጫናል። ለዚህም ነው ከነጠላው የሚወደደው። ሥራዎ ጭነት ብቻ ከሆነ ነጠላ ጋቢና ይበቃዎታል፤ የጭነት ቦታውም ረጅም ነው።

ስለ ሃይሉክስ ሞተሮች ትንሽ ልዘርዝር። የድሮው ፋይቭ ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የናፍጣ ፖምፓውም ሜካኒካል ነው። ክፍለ ሀገር ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገት ላይ ይደክማል። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት፣ ባለ 2.5 እና ባለ 3 ሊትሮቹ፣ ጉልበትም አላቸው፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ። ችግራቸው ኢንጀክተሩ ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይወዱም፤ አራቱንም ኢንጀክተር መቀየር ደግሞ ከባድ ወጪ ነው። የእነዚህ ሞተሮች የታይሚንግ ቀበቶ እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ድረስ መቀየር አለበት። መቀየሩን በደረሰኝ ያላረጋገጠ ሻጭ ቢያጋጥምዎ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋ ይቀንሱ። በእኛ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ የመጣው አዲሱ ቅርፅ ሃይሉክስ ሞተሩ በሰንሰለት ስለሚሠራ ከዚህኛው ጣጣ ነፃ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ከአዲስ አበባ ርቀው የሚሠሩ ከሆነ የእኔ ምርጫ አሁንም ፋይቭ ኤል ነው። አይሱዙ ዲማክስና ሚትሱቢሺ ኤል 200 በሃይሉክስ ስም ስለማይሸጡ ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። መለዋወጫቸው በአካባቢዎ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

3. ሞተሩን ከማየትዎ በፊት ወረቀቱን ይዩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ኮፈኑን ይከፍታል። እኔ መጀመሪያ ሊብሬውን ክፈቱ እላለሁ። የተበላሸ ሞተር ይታደሳል። እገዳ ያለበት ወይም ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ግን የእርስዎ አይሆንም።

ዋናውን ሊብሬ ይጠይቁ፣ ኮፒ አይበቃም። የባለቤቱን ስም ከመታወቂያው ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን በዓይንዎ ይዩ። ሃይሉክስ ላይ በስተቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመትቶ ይገኛል። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ከመሰለዎት ወዲያው ይተዉት። ቁጥሩ በላቲን ፊደላት ኤ፣ ኤች፣ ቲ ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። በኤም፣ አር እና ዜሮ ከጀመረ ታይላንድ። ሻጩ «ኦሪጅናል ጃፓን ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረ ይህን ያሳዩት።

ቀጥሎ ቀረጡ። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በኤምባሲ ስም ከቀረጥ ነፃ የገቡ ፒክአፖች ብዙ ናቸው። አዲስ ባለቤት ቀረጡን ሳይከፍል በራሱ ስም ማዛወር አይችልም። መኪናው ከገበያ ዋጋ በጣም ረክሶ ካገኙት የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ቀረጡ ተከፍሏል?» ይሁን። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) እና ቀረጡ የተከፈለበትን ደረሰኝ ይጠይቁ። በቃል «ተከፍሏል» ማለት ዋጋ የለውም።

ከዚያ ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ከሻጩ ጋር አብረው ይሂዱ። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ እና የትራፊክ ቅጣት መኖር አለመኖሩን እዚያው ያረጋግጡ። ፋይሉ ክልል ከሆነ ወደ እርስዎ ከተማ ማዛወሩ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነገር። ሰሌዳው ኮድ 3 ከሆነ ደግሞ በእርስዎ ስም ለማዞር የንግድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። በውክልና ብቻ አይግዙ። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመቆጠብ ብለው ውክልና ተቀብለው ለዓመታት የሚነዱ ሰዎች አሉ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ ከወራሾች ጋር መሟገት ነው። ለሻጩም አይበጅም፤ መኪናው አደጋ ቢያደርስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተጠያቂ የሚሆነው ባለቤቱ ነው። ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ የሚገዙ ሰዎችም መኪናው በስንት ብር እንደተገዛ ብቻ ሳይሆን ሊብሬው በማን ስም እንደዞረ ይጠይቁ።

4. መኪናውን ሳይሞቅ ይፈትሹት

ለሻጩ «ሳልመጣ አታስነሳው» ብለው ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ብርድ ላይ ለመነሳት የሚቸገር ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን በጠዋት ይመለሱ።

ሲነሳ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። የማይጠፋ ነጭ ጭስ የኢንጀክተር ወይም የጓርኒሲዮን ችግር ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ፣ ትንሽ ይጠበቃል፤ ከበዛ ግን ፖምፓና አየር ማጣሪያ ይታይ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። በኃይል የሚገፋ ጭስ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ሊወርድ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ይክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ቢያዩ ድርድሩን ያቁሙ።

ፒክአፕ ላይ ግን ከሞተሩ እኩል የሚያስፈራኝ ሻንሲው ነው። ጭነት የሚሸከመው እሱ ነው። ከሥር ይግቡና የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ቦታ፣ ከጋቢናው ጀርባም ያለውን ክፍል በባትሪ መብራት ይዩ። ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም መታጠፍ ካለ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል። ተጨማሪ ባሌስትራ የተደረበለት መኪናም ያንኑ ይነግርዎታል። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከሁለቱም ጎን ያነጻጽሩ። አንዱ ሰፍቶ አንዱ ከጠበበ ተጋጭቶ ወይም ሻንሲው ጎብጦ ሊሆን ይችላል።

ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበትን ልስን) ለመለየት ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ላሜራው ላይ ያስኪዱት። የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ አለ።

የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ብቻውን አይመኑ፣ ወደ ኋላ ማውረድ ቀላል ሥራ ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ፣ መሪው፣ የሾፌሩ መቀመጫ ምን ያህል አልቋል? 90,000 የሚል ቆጣሪና ተልጦ ብረቱ የታየ ፔዳል አብረው አይሄዱም።

ከዚያ ይንዱት። አስፋልት ላይ መዞር አይበቃም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው ዳገት ጥሩ መፈተኛ ነው። የሙቀት ቆጣሪውን እያዩ ይውጡ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮሆ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሲወርዱ ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ካምቢዮው ጥገና ይፈልጋል። ፎር ዊሉን አፈር መንገድ ላይ ያስገቡት፤ ብዙ ሻጭ «ይሠራል» ይላል፣ ለዓመታት ግን አልተነካም።

በመጨረሻ የራስዎን መካኒክ ያምጡ። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መካኒክ የእርስዎ አይደለም። ለመካኒኩ የሚከፍሉት ከዚህ ሁሉ ወጪ ትንሹ ነው።

5. ያገኙትን ጉድለት ወደ ብር ይቀይሩት

«ቀንስልኝ» ብሎ መለመን ብዙ አያስኬድም። መካኒኩ የጻፈውን ዝርዝር ይዘው ሶማሌ ተራ ይሂዱና የመለዋወጫውን ዋጋ ይጠይቁ። አራት ጎማ ይህን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይህን ያህል፣ ኩሽኔታ ይህን ያህል። ድምሩን ለሻጩ ያሳዩት። ቁጥር የያዘ ገዢን መሸኘት ይከብዳል።

የደላላውን ኮሚሽን መኪናውን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ። ደላላው የሻጩን እውነተኛ ዋጋ ደብቆ በላዩ ላይ እንዳይጨምር ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኙ።

ጨረታም አለ። መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ማስታወቂያቸውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ያወጣሉ። ማስያዣ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይጠየቃል፤ መኪናው የሚሸጠውም «ባለበት ሁኔታ» ነው። ቫትና ያልተከፈለ ቀረጥ በማን ላይ እንደሆነ ሰነዱ ላይ አንብበው ካልጨረሱ ዋጋ አይስጡ።

6. ውልና ክፍያ

ቀብድ ከሰጡ በጽሑፍ ይሁን። በሕጉ ቀብድ የሰጠው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ከዚህ የተለየ ስምምነት ካለ ይጻፍ። መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ሆኖ ካልተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ የሚል መስመር ያስገቡ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት አብረው ይፈርሙ። በፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያላገባ ከሆነ የላጤነት ማስረጃ ያምጣ። የተፋታ ከሆነ ንብረቱ ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ ውሳኔ ይታይ።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ይፈራረሙ። ክፍያው በባንክ፣ በባለቤቱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይሁን። «በወንድሜ አካውንት አስገባልኝ» ከተባሉ እምቢ ይበሉ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋም የከፈሉት እውነተኛ ዋጋ ይሁን። ዝቅ ተደርጎ ከተጻፈና ነገ ሽያጩ ቢፈርስ፣ ይመለስልኛል የሚሉት ገንዘብ በወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል።

7. ከተረከቡ በኋላ ያለው ሳምንት

ሳይዘገዩ ስሙን ያዙሩ። የሦስተኛ ወገን መድን በስምዎ ይግዙ፣ ቦሎው መቼ እንደሚያልቅም ይዩ። የሞተር ዘይት፣ የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት በአንድ ቀን ይቀየሩ። የታይሚንግ ቀበቶው ጥርጥር ካለበት ጭነት ሳይጭኑ ያስቀይሩ፤ እየሄደ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ይመታል። የቀድሞው ባለቤት ሌላ ቁልፍ ካለው ይቀበሉት። ሁሉንም ቁልፍ ማግኘትዎን እርግጠኛ ካልሆኑ የበሩንና የማስነሻውን ቁልፍ ያስቀይሩ። ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በትንሽ ደብተር መዝግበው፣ ከደረሰኞቹ ጋር ጋቢናው ውስጥ ያስቀምጡ። መኪናውን የሚሸጡ ቀን ገዢዎ ይህንኑ ደብተር ይጠይቅዎታል።